ወንዝ የማይሻገረው መድኃኒት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቆቦ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቄ ስሠራ ስፒል የምሰካው ከቀሚሴ ግራ ደረት ላይ ነው። ልማዱን ከእናቴ ነው የወረስኩት፤ እሷም ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚዜ ቀሚስ እያጠበብኩ ስፒሉን ወደ ደረቴ ስመልሰው ጨርቁን አልፎ ወጋኝ። እጄን ሰድጄ ስዳብሰው፣ ከተወጋሁበት ሥር ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር አገኘሁ። አያምም። ስገፋው ትንሽ ይሸሻል። ስፒሉ ነው ያሳበጠው ብዬ ቀሚሱን ጨረስኩ።

ይህን እንድጽፍ የጠየቀችኝ ደሴ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። መጀመሪያ ለአዲስ ታካሚዎች በቃሌ እንድነግራቸው ነበር የፈለገችው። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ወሬው ጓደኛዬ ጦይባ ጋ ሲደርስ አለቀስኩና ሴቶቹ እኔን ማጽናናት ጀመሩ። ሲስተርም ሳቅ እያለች፣ አንቺ ብትጽፊው ይሻላል አለችኝ። እንግዲህ እየጻፍኩት ነው።

እብጠቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይ እዚሁ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ስፒል ወግቶኝ ነው አልኩ። የበሽታዬን ስም ራሴ ስላወጣሁለት፣ ለሐኪሙ የሚቀረው መድኃኒት መጻፍ ብቻ ነበር። አመርቅዟል ተባለና ክኒን ተሰጠኝ፤ ክኒኑ አልሠራ ሲል መርፌ ታዘዘ። በዚህ ሦስት ወር ሄደ። ሽምብራው ትንሽ ሎሚ አከለ፤ የጡቴ ቆዳም ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ይህን ያየው ባሌ ሲሳይ ነው። ሲሳይ የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ብዙ አያወራም፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ግን አይተኛም። በነጋታው ወልድያ ወሰደኝ።

ወልድያ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን የነገረን ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነቀርሳ ነው አለን። ሲሳይ ፊቱ በራ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የነበረ አጎቱ ስድስት ወር ክኒን ውጦ ድኖ ዛሬም ማሽላ ያርሳል። ስለዚህ ክኒኑን እዚሁ ትሰጡናላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ሁለቱ የማይገናኙ በሽታዎች መሆናቸውን፣ የእኔው ካንሰር የሚባለው መሆኑን አስረዳው። ለሁለት በሽታ አንድ ስም መሰጠቱ ለባሌ የአምስት ደቂቃ ደስታ ሆነለት። 

ደሴ ላይ ግራ ጡቴ ወጣ። ቁስሉ ሲደርቅ ኬሞ ተጀመረልኝ። ኬሞ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ተበትኖ የቀረውን በሽታ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሲሄድ ግን ደጉንም ክፉውንም ይመታል። በየሃያ አንድ ቀኑ ስድስት ጊዜ ታዘዘልኝ። ከክፍሉ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ተራ የምንጠብቀው እዚያ ነው። አንዳችን ሌላችንን ላለማየት ሁላችንም ግድግዳ ግድግዳውን እናያለን።

ጦይባን ያገኘኋት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ቆቦ ገበያ ሽንኩርት የምትነግድ ሴት ናት፤ ከሱቄ እስከ መደቧ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ግን የተዋወቅነው ደሴ ነው። የእሷ የወጣው ቀኙ ነበር። ይህን ስትሰማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "አብሽሪ እህቴዋ፣ ሁለታችን ብንገጣጠም አንድ ሙሉ ሴት እንወጣለን" አለች። አግዳሚው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ሚኒባስ መሄድ፣ አንድ ቀን መቀጠር፣ ጎን ለጎን መተኛት ጀመርን።

በኬሞው ላይ የምንጨምራቸው ነገሮች ነበሩን። ማቅለሽለሹ ሲብስ ዝንጅብል አፍልቼ በፔርሙስ እይዛለሁ። አፋችን ሲቆስል እሷ ማር ታመጣለች። እኔ ጸበል ይዤ ስሄድ እሷም ትጠጣለች፤ እሷ ዱዓ የተደረገበት ውሃ ስታመጣ እኔም እጠጣለሁ፤ በእኛ አገር ይህ ሰውን የሚያስገርም ነገር አይደለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ክንዴ ሲያብጥ በቅባት ከእጄ ወደ ትከሻዬ ቀስ አድርጋ ታሸኝ ነበር። አብሽ በጥብጣ ታመጣና፣ አብሽ ጠጪና አብሽሪ እያለች ታጠጣኛለች። እነዚህ ነገሮች ካንሰሩን እንዳልነኩት አሁን አውቃለሁ። እኔን ግን ነክተውኛል። ያለ እነሱ ሁለተኛውን ዙር የምጨርስ አይመስለኝም ነበር።

ሲስተር መርፌውን ከመሰካቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀናለች፤ ከዚህ ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ትላለች። ሁለታችንም የለም እንላለን። ጸበል መድኃኒት ነው? ዝንጅብል መድኃኒት ነው? ውሸት የተናገርን አልመሰለንም። እንዲህ እያልን የለም ማለትን ለመድን።

በዚያ ሰሞን ነው ሁለት ጡት የሰፋሁት፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ። ለስላሳ ጨርቅ ድርብ አድርጌ፣ ጡት ማስያዣ ውስጥ እንዲገባ ልክ አውጥቼ፣ ክብደት እንዲኖረው ጤፍ ሞላሁት። ጥጥ ሞክሬ ነበር፤ ወደ አንገት እየወጣ አስቸገረኝ። ጤፉ ግን ቦታውን ይይዛል። እኔም ስፒል መሰካት የለመድኩበት ቦታ ተመለሰልኝ። ደንበኞቼ ስፒሉን ደረቴ ላይ ጥቅ ሳደርገው ይደነግጣሉ። ጦይባ ደግሞ ላብሽ ካጠጣው በሰኔ ይበቅላል፣ እኛም መጥተን እናጭዳለን እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጉልበቴ አለቀ። አዲስ ጨርቅ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ካስመለሳት ምን ቀራት? አንዲት ደንበኛዬ ሻሼን አይታ ነገሩ ገባትና፣ ዋጃ አካባቢ የጡት እብጠት የምታጠፋ መድኃኒተኛ አለች አለችኝ። ለጦይባ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ አልፈለገችም ነበር። ኬሞው ይበቃናል አለች። ደግሜ የለመንኳት፣ እጇን ይዤ ሚኒባስ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ባይጻፍ ይሻላል።

መድኃኒተኛዋ ደግ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ንጹሕ ነው። ከመዳናችሁ በፊት አንድም ነገር አልቀበልም አሉን። የደቀቀ ሥር በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ለሁለታችንም ሰጡን።

"አርባ ቀን ነው፤ ጧት ጧት በባዶ ሆድ። እስኪያልቅ የሚፈስ ወንዝ እንዳትሻገሩ፣ ወንዝ መድኃኒቱን ያረክሰዋል። ለሰውም እንዳትናገሩ" አሉ።

ጦይባ ቀልድ አያልፋትም፤ የቆቦን ወንዝ አንስታ "ሆርማትስ እማማ?" አለቻቸው።

"እሱ በበጋ አሸዋ ነው ልጄ። የሚፈስ ነው ያልኩሽ።"

ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን፤ አንዳችንም አልተናገርንም። ከቆቦ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ሲኬድ አላውሃ የሚባል ወንዝ አለ። አላውሃ በጋም ክረምትም ይፈሳል።

ሦስተኛው የኬሞ ቀጠሯችን ሥሩን በጀመርን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ዋለ። በዋዜማው ጦይባ ሱቄ መጥታ በሩን ገርበብ አደረገች። አርባውን እንጨርስና ኬሞው በኋላ ይቀጥላል፣ ሲስተር ከደወለች መንገድ ዝግ ነበር እንላለን አለችኝ። መንገድ ዝግ ነው ማለት በእኛ አገር ማንም የማይጠራጠረው ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

በነጋታው ሲነጋጋ ሲሳይ ቦርሳዬን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል። የሥራ ቀኑን ትቶ፣ የጋቢና ወንበር አስይዞልኛል። ምን ልበለው? እንዳልነግረው ተከልክያለሁ። አሞኛል እንዳልል፣ የታመመ ሰው ነው ሐኪም ቤት የሚሄደው። ሻሼን አስሬ ተከተልኩት። ብዙ ሰው ብልህ ነሽ፣ በሕክምናሽ ጸናሽ ይለኛል። እኔ አልጸናሁም። ያዳነኝ ይሉኝታ ነው።

አላውሃ ድልድይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ካላየሁት ምናልባት እንደተሻገርኩት አይቆጠር ይሆናል ብዬ። የአርባ ዓመት ሴት ነኝ፤ ጎማው የድልድዩን መጋጠሚያ ረግጦ እስኪያልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ሲስተር ብቻዬን ስታየኝ ጦይባ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። እኔም የተስማማንበትን ተናገርኩ።

"መንገድ ተዘግቶባት ነው።"

ሲስተር የክንዴን ደም ሥር እየፈለገች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺስ በየት መጣሽ?"

 ዓይኔን ወደ ክንዴ መለስኩ። ሌላ ሴት እያስመለሳት ነበርና ሲስተር ወደ እሷ ሮጠች፤ ስትመለስም ጥያቄውን አልደገመችውም። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ፣ ጦይባ አንድ ሳምንት ብቻ ዘግይታ ትመጣ ነበር።  ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እግሬ ፔዳሉን ሲመታ እሰማዋለሁ። አንቺስ በየት መጣሽ።

ከደሴ ስመለስ ጦይባ መጣች። በዓይኗ ጠየቀችኝ። አልሄድኩም አልኳት። ከእህቴ ቤት ነው የዋልኩት፣ ሲሳይን አታልዬው ነው ብዬ ጨመርኩበት። እንዴት እላታለሁ ሄድኩ ብዬ? ለምኜ የወሰድኳት እኔ፣ መጀመሪያ ያፈረስኩትም እኔ። እሺ አለችኝና የተረፋትን ሽንኩርት አስቀምጣልኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ አራተኛውንም አምስተኛውንም ስድስተኛውንም እንዲሁ ተደብቄ ወሰድኩ። ሥሩን ግን ከተሻገርኩ ወዲህ አልነካሁትም፤ ረክሷል ብዬ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት።

የሚያሳዝነው ጦይባ አማረባት። ኬሞ ያቆመ ሰው ለጊዜው እንደሚያምርበት ያኔ የነገረኝ የለም። ምግብ ተበላላት። ጉንጯ ሞላ። ከሂጃቧ ሥር ለስላሳ ጠጉር ወጣላት፣ እጄን ወስዳ አስነካችኝ። እኔ ቅንድቤ ረግፎ፣ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ። የገበያ ሰው እሷን አይቶ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ እኔን አይቶ ከንፈሩን ይመጣል። እኔም ራሴ ተጠራጠርኩ። አንዳንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ ስትስቅ አይቼ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። አርባው ሲያልቅ ይኸው ሠራልኝ ብላ ሁለተኛ አርባ ጀመረች። አሁን ንገሪያት የሚል ነገር በውስጤ ነበር። በዚያ ደስታዋ ላይ ምን ብዬ ልንገራት?

በሁለተኛው አርባ መጨረሻ ላይ ሳል ያዛት። አቧራ ነው አለች። ከዚያ ከጀርባዋ በኩል፣ ሽንኩርት ኬሻ ስታነሳ የሚወጋ ነገር መጣ። አንድ ጧት ሱቄ ገብታ ወንበር ላይ ዝርግት አለች፤ ስትተነፍስ ይሰማል። ያኔ ጨርቁን አስቀመጥኩ።

"ጦይባ፣ እኔ ተሻግሬያለሁ። አንድም ዙር አልቀረሁም።"

የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ሳበችና ጥፍሬን አገላብጣ አየችው። ኬሞ ጥፍር ያጠቁራል፤ የእኔ እስከ ሥሩ ጠቁሯል። የእሷ ነጥቶ ነበር።

"አውቃለሁ እኮ" አለችኝ። "ጥፍርሽን አይቼ ከድሮው አውቄያለሁ። ከተናገርኩት መድኃኒትሽ ጨርሶ ይረክስብሻል ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ወላሂ፣ አንቺን ብዬ ነው።"

ስንት ወር አንድ ገበያ ውስጥ እየተያየን፣ እኔ ለእሷ ብዬ፣ እሷ ለእኔ ብላ ዝም ተባብለን ኖርን። ከዚህ በላይ የሚያቃጥለኝ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ደሴ ወሰድኳት። አላውሃን ስናልፍ ጦይባ ሳሉ አድክሟት ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። እኔም እንደልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁለታችንም ወንዙን አላየነውም።

በሽታው ሳንባዋ ላይ ወጥቷል፣ ጉበቷንም ነክቷል ተባለ። ሐኪሙ ወጣት ነው። አልተቆጣንም፤ ቢቆጣን በተሻለኝ። ከመጀመሪያ ጀምሮ የወሰዳችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ንገሩኝ አለና ወረቀት አወጣ። ዝንጅብሉን ጥሩ ነው አለ። ማሩን ጥሩ ነው አለ። ክንዴን ስታሸኝ የነበረውን ሲሰማ ጦይባን ማን አስተማረሽ ብሎ አደነቃት። ጸበሉንና የዱዓውን ውሃ ተዉ አላለንም፤ ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ንጹሕ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ ብቻ አለ። ሥሩ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። "ምንነቱን የማላውቀው ነገር ከመድኃኒቴ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሠራ ላውቅ አልችልም። ብትነግሩኝ ግን አብረን እናስብበት ነበር" አለን። ሲስተር መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ፊቴን ወደ እሷ ማዞር አልቻልኩም።

ስመለስ ዋጃ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት። መድኃኒተኛዋ ሁሉን አዳምጠው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። "ከሐኪም ቀጠሮ እንዳላችሁ መች ነገራችሁኝ?" አሉኝ። "ብትነግሩኝ መጀመሪያ የሐኪሙን ጨርሳችሁ ተመለሱ እላችሁ ነበር።" ለካ ለእሳቸውም አልነገርናቸውም። ለሲስተር ሥሩን ደበቅን፣ ለእሳቸው ኬሞውን ደበቅን፤ በመጨረሻም እርስ በርሳችን ተደባበቅን። የምጣላው ሰው አጥቼ ወደ ቆቦ ተመለስኩ።

ጦይባ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ቆየች። ሕመሙን የሚያስታግስላት መድኃኒት ተሰጣት፤ እኔም ዝንጅብል አፈላላት ነበር፤ አሁን ጀርባዋን የማሻት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ የወሰድሽኝ አላለችኝም። ብትለኝ እመርጥ ነበር። ከቀብሯ በኋላ እህቷ የሰፋሁላትን ጡት አጥባና በሚገባ አጥፋ መለሰችልኝ። ጤፉን አውጥታ ለየብቻ ቋጥራዋለች፤ እህል ነውና አይጣልም። መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩት።

እኔ ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። ለምርመራ ስሄድ እስካሁን ንጹሕ ነሽ ይሉኛል። ጸበሌን አልተውኩም፣ ዝንጅብሌንም አልተውኩም። ሐኪም ቤት ስገባ ግን ቦርሳዬን ከፍቼ ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነው የምደረድረው፤ ሲስተር ሱቅ ልትከፍቺ ነው ወይ ትለኛለች። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። የምትጠጡት ነገር መድኃኒት ይባል አይባል እናንተ አትወስኑ። ሌላ የምመክረው ነገር የለኝም፤ ብልህ ሆኜ አይደለም የተረፍኩት።

ባለፈው የካቲት አንዲት ሴት ከጎብዬ መጣች። ጡት እንደምሰፋ ሰምታ ነው። ልኳን እየወሰድኩ ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ማክሰኞ ነበር፣ መንገዱ ዝግ ስለሆነ ቀረሁ አለችኝ። በዚያው ማክሰኞ ከደሴ የመጣ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሜትሩን አንገቴ ላይ አደረግኩና ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

"ስንተኛ ቀንሽ ነው?"

ደነገጠች። መሬት መሬት አየች።

"አሥራ ዘጠኝ" አለች።

ሱቁን ዘግቼ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስናገር አላለቀስኩም። የጦይባን ጨርቅ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ቀኝ ነበር፣ የእሷም የወጣው ቀኙ ነው። ያንኑ ጤፍ መልሼ ሞልቼ ሰጠኋት። በነጋታው ጎብዬ ላይ ወርጄ አሳፈርኳት፤ አጠገቤ ተቀመጠች። አላውሃ ስንቃረብ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች። ስለዚህ እኔ መክፈት ነበረብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። አንዲት ሴት ያጠበችውን ልብስ በራሷ ተሸክማ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከማዶ ወደዚህ ትሻገር ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልሸፈነውም።